በርዎን እናውቃለን

ጥቅምት 27 ቀን 2008፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የገዛሁት ምስጋና ብቻ ልጽፍበት ነው። እማዬ "ማማረር ታበዣለሽ፣ በቀን አንዲት ነገር እንኳ አመስግኚ" ማለት ከጀመረች ቆይታለች። እንግዲህ ዛሬ ልጀምር፤ ምክንያትም አግኝቻለሁ። በሪሁን ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ "የስም ለውጡን ሮዳስ ትመራዋለች" አለ። እኔ! እስከ ትናንት የሰው ቢዝነስ ካርድ ሳስተካክል የምውለው። ሳሊሃ ከኮምፒውተሯ ጀርባ ሆና አውራ ጣቷን አሳየችኝ፤ ቀጥላም "አሁን ደግሞ ልትኮሪብን ነው" ብላ በስልክ ጻፈችልኝ። ልክ ናት፣ ኮርቻለሁ።

ድርጅታችን እስካሁን የሚባለው "ቢ ኤንድ ቲ አይቲ ሶሉሽን" ነው። "ቢ" አለቃችን በሪሁን ነው። "ቲ" ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ በሪሁን ራሱ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል። ታኅሣሥ ላይ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ሁሉ የሚገናኙበት ትልቅ ጉባኤ አለ፤ እዚያ መድረክ ላይ አዲሱን ስም የሸፈነው ጨርቅ ይገፈፍና ከዚያን ቀን ጀምሮ "መዳረሻ" እንባላለን። ሥራችን ለማስረዳት ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ቤት ስልክ ላይ ባለው ካርታ የራሱን መለያ እንሰጠዋለን፣ መለያውን በብርቱካናማ ስቲከር በሩ ላይ እንለጥፋለን፣ ከዚያ በኋላ ዕቃ የሚያመጣ ሰው "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቢጫውን ቆርቆሮ ስታይ ደውል" ሳይባል ቀጥ ብሎ ይመጣል። መፈክሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ "በርዎን እናውቃለን።" ሳነበው ራሴን ሳምኩት ማለት ይቻላል።

ሙከራው ቡራዩ ይሁን ያልኩትም እኔ ነኝ፤ የምኖርበት ሰፈር ነዋ። አከራዮቼ ኦቦ ሞቱማና ባለቤታቸው አዴ ወርቅቱ እዚህ የነበሩት ከተማው ሳይመጣ ነው፤ ከግቢው ጀርባ አሁንም ጤፍ የሚዘሩባት መሬት አለቻቸው። ልጃቸው ሌንጮ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ስለነበር ለበሪሁን ነገርኩትና አብሮኝ እንዲለጥፍ ቀጠረው። አዴ ወርቅቱ ሲሰሙ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ሮጬ አመለጥኩ። ተመስገን።


ጥቅምት 28፣ እሁድ

ከሌንጮ ጋር ስንለጥፍ ዋልን። እሱ ያንኳኳል፣ በኦሮምኛ ሰላም ይላል፣ እነሱ የእናቱን ደህንነት ይጠይቃሉ፣ ይስቃሉ፣ እኔ እለጥፋለሁ። የፈቀዱት ለእሱ ሲሉ ነው። ብቻዬን ብሄድ ውሻ ነው የሚፈቱብኝ።

ለመድረኩ ትልቅ ፎቶ ያስፈልገን ስለነበር ኦቦ ሞቱማን በራቸው አጠገብ ይቁሙልኝ ብዬ ለመንኳቸው። "ቆይ" ብለው ገቡና ካፖርትና ባርኔጣ አድርገው ወጡ። እጃቸውን ስቲከሩ ላይ ጣል አድርገው ቆሙ፤ እንዴት ያምራሉ! የት እንደሚወጣ ጠየቁኝ። አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳ አክሎ፣ በቴሌቪዥንም ሊታይ እንደሚችል ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡ። "እሺ ብያለሁ፤ እሺ ካልኩ እሺ ነው" አሉኝ። በኦሮምኛ "ገለቶማ" ብዬ አመሰገንኳቸው፤ ከሰላምታ ሌላ የማውቃት ቃል እሷ ናት። አነጋገሬ ሁልጊዜ ያስቃቸዋል።


ኅዳር 5፣ እሁድ

እማዬን ልጠይቅ ሰበታ ሄጄ ነበር። ልደታ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ እዚያ አክስቴ ጋ ነው የምትኖረው። ለእሷም በር አንድ ስቲከር ይዤላት ሄድኩ። ጀርባውን ልጬ ልለጥፍ ስል እጄን ያዘችኝ። "ተይው፣ ቀለሙ አያምርም" አለች። እማዬ ስለ ቀለም ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ እስክሄድ ድረስ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች። ደክሟት ይሆናል።

አምቦ መንገድ ላይ፣ ከሆለታ ወዲያ፣ ተማሪዎች አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋታል የተባለውን ማስተር ፕላን ተቃውመው ወጥተዋል ይባላል። የሚባለውን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። እናቴ በጤና አለች፣ ተመስገን።


ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፦ በር ላይ ምልክት እያደረጉ ነው፣ ቀጥሎ ልኬት ነው የሚመጣው። የማን በር እንደሆነ ሳልሰማ ወራጅ አለ አልኩ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ የለጠፍነው ተፍቋል። ልጆች ናቸው። ልጅ ስቲከር አይቶ አያስችለውም።


ኅዳር 17፣ ዓርብ

ትናንት ማታ ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር ጓ ብሎ ወደቀ። የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ይሆናል። ዛሬ ሌንጮ ሥራ አልመጣም። ቀጠሮ አክባሪ ነበር፤ ገረመኝ።

በሪሁን ፎቶውን በጣም ወዶታል። "ብራንዱ እኚህ ሰውዬ ናቸው" አለ። ደስ አለኝ።


ኅዳር 20፣ ሰኞ

አዴ ወርቅቱ እንደነገሩኝ ሌንጮ ለአጨዳ ጫንጮ ሄዷል፣ አክስቱ ደጊቱ ጋ። የራሳቸው ጤፍ ሳይታጨድ የአክስቱን ሊያግዝ መሄዱ ደግነቱን ያሳያል። ስልኩ ዝግ ነው። የደወልኩት ኔትወርክ መኖሩን ለማየት ነው።


ኅዳር 26፣ እሁድ

ፖስተሩ ማተሚያ ቤት ገባ። ኦቦ ሞቱማ በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች፣ መፈክሬ እግራቸው ሥር፣ "መዳረሻ" በቀኝ በኩል በትልቁ። ሳሊሃ "ሰውዬው ከበሪሁን ይልቅ ሥራ አስኪያጅ ይመስላሉ" ብላ አሳቀችን።

አዴ ወርቅቱ ጠዋት ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተው ወዲያው ተመለሱ። ራሴን አሞኝ ነው አሉ። ዳማከሴ ላምጣ ብላቸው ጉንጬን ዳበስ አድርገው "ተይ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከቤት ርቄ በሰው ግቢ ልጄ የሚለኝ አለ፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ማታ ኔትወርኩን አየሁ። ዝግ ነው።


ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ

መንገድ ተዘግቷል። ድንጋይ፣ ጎማ፣ ጭስ። ከአስኮ በእግሬ መጣሁ። ሱሉልታም፣ ሰበታም እንደዚሁ ነው አሉ። የሞባይል ኢንተርኔት የለም፤ የእኛ ካርታ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ባዶ ስክሪን ነው። እማዬ በመደበኛው ስልክ ደህና ነኝ ብላለች።

ግማሽ መንገድ ላይ ኦቦ ሞቱማ ዱላቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አልነገሩኝም። አጠገቤ ሆነው ሰፈሩን ሁሉ አቋረጥን። ሰው ሲያልፍ እንደ ድሮው "አካም ጅርታ" ይላሉ። የመለሰላቸው ጥቂት ነው። ሰው ሁሉ ፈርቷል መሰለኝ። ባይመጡልኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር! ገለቶማ፣ ገለቶማ።


ታኅሣሥ 6፣ ረቡዕ

ዛሬ የኦቦ ሞቱማ ጤፍ የሚወቃበት ቀን ነበር። በየዓመቱ ሰፈሩ በደቦ ነው የሚወቃላቸው፤ አምና ግቢው አላስገባ ብሎ ነበር። አዴ ወርቅቱ ጠላ ጠምቀው፣ የጾም ወጥ በትልቅ ድስት ሠርተው ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ሞቱማ በሬዎቹን ፈተው መለሱ። ክምሩ እንዳለ ነው።

በጊዜው ምክንያት ነው አልኳቸው፤ ሰው ከቤቱ መውጣት ፈርቶ። ኦቦ ሞቱማ አዎ አሉ። አጥር ለአጥር ከምንዋሰነው ከነሊቤ ግቢ ግን ውቂያ ሲዘፈን ይሰማ ነበር። እኛን ዘለው እዚያ ነው የዋሉት።

ወጡን እኔ እየበላሁት ነው። ከዚህ ሁሉ ወጥ ፊት ተቀምጬ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም።


ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ

ዛሬ እማዬ ደወለች። እንዴት ነሽ ሳትለኝ፣ "ያንን ነገር አሁንም ሰው በር ላይ ትለጥፊያለሽ?" አለችኝ። ለጥፈን ጨርሰናል አልኳት።  ምነው አልኳት።

"የልደታው በራችን ላይ ያደረጉትን አላየሽም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ነበርሽ" አለች። "ቀይ ቀለም ነው። ቁጥር ጻፉበት። የጻፈው ልጅ ትሑት ነበር፣ 'እማማ ይቅርታ' ብሎ ነው የጻፈው። እኔ ጠዋት ጠዋት እየተነሳሁ በጨርቅ እፍቀው ነበር፣ ካልታየ የሚረሱን መስሎኝ። አይለቅም።"

ክው አልኩ። ስልኩን ዘግቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ እንደገና ተቀመጥኩ። ታክሲ ውስጥ ያሉት ሴቶች የሚያወሩት ስለ እኔ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ የፋቁት ልጆች አይደሉም። ጣሪያው ላይ የወደቀውም ቅርንጫፍ አልነበረም፤ በማግስቱ ከማጀቱ ጀርባ የጡጫ ያህል ድንጋይ አይቼ "ከየት መጣ?" ብዬ በእግሬ ገፍቼው አልፌያለሁ። አይ እኔ! መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው በር ላይ፣ በቀይና በቢጫ መካከል ያለ ቀለም ፈልጌ፣ ቁጥር ጽፌ፣ ሲብስ ደግሞ "በርዎን እናውቃለን" ብዬ የለጠፍኩ እኔ ነኝ። ያስለጠፈኝ ሌንጮ ነው። ሰው የእነሱን ልጅ ነው ያየው። የእነሱን ቤት ነው ደቦ የነፈገው። የእኔ ስም በየትም የለም፤ እኔማ ተከራይ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ የኦቦ ሞቱማ ፊት ግድግዳ አክሎ ሊወጣ ነው፣ እጃቸው ስቲከሩ ላይ እንዳለ።

ማመስገን ያለብኝ ነገር ቢኖር ጠዋት አዴ ወርቅቱ እንደ ሁልጊዜው በሬን አንኳኩተው ሙቅ ውሃ ማስቀመጣቸው ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ። አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው አልጠቆረብኝም፣ አንድ ቀን!


ታኅሣሥ 10፣ እሁድ

ኦቦ ሞቱማን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሁሉንም አውቄያለሁ አልኳቸው። "ምኑን?" አሉኝ። ፎቶውን ላስወጣው፣ እርስዎ ብቻ አልፈልግም ይበሉኝ፣ ለአለቃዬ እሱን እነግረዋለሁ ብዬ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሺ ብዬሻለሁ። ሰው ስለከፋብኝ ቃሌን ከበላሁ ያኔ ነው የሚያፍርብኝ።"

አዴ ወርቅቱ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ገብተው ዕቃ ማጠብ ጀመሩ፣ እያንኳኩ።


ታኅሣሥ 12፣ ማክሰኞ

ለበሪሁን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተቆጣ። ፖስተሩ ታትሟል፣ እንግዳ ተጠርቷል፣ ጋዜጠኛ ይመጣል፤ ደግሞስ ሰውዬው ራሳቸው እሺ ብለው የለ? እስከ ጉባኤው ድረስ አንድ ስቲከር ከበር እንዳይነሳ አለ። እምቢ ካልክ ሌላ ሰው ይምራው አልኩት። ይህን ሥራ እንዴት እንደምወደው እግዜር ያውቃል። ሳሊሃ ከጎኔ ቆማ "እኔም ኮምፒውተሩን አልነካም" አለች። እሷን የሰጠኝ ይመስገን።

በሪሁን "እሁድ ራሴ እመጣለሁ፤ ከራሳቸው አፍ ልስማ" አለ። የሚሰማውን አውቀዋለሁ። እሺ ይሉታል።


ታኅሣሥ 17፣ እሁድ

በሪሁን መጣ። ታክሲ እስከ አስኮ ብቻ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው ተራመደ። አንድም የንጭንጭ ቃል አልተናገረም፤ መንገዱን ብቻ ያያል። የተቃጠለ ጎማ ሽቦው ቀርቶ አስፋልቱ ላይ ተጣብቋል።

ኦቦ ሞቱማ በክብር ተቀበሉት። ወንበር ወጣ፣ ጠላ መጣ፣ ቆሎ መጣ። በሪሁን አንቱ እያለ በትሕትና ጠየቃቸው። እሳቸውም እንደጠበቅኩት "እሺ ብያለሁ፣ አልመለስም" አሉት። በሪሁን ዞር ብሎ አየኝ፤ አየሽ ወይ ማለቱ ነው። 

ከዚያ ጠላውን እየጠጣ ዓይኑ ክምሩ ላይ አረፈ። ለወሬ ያህል ይመስለኛል፣ "ይሄ ጤፍ እስካሁን ለምን አልተወቃም?" ብሎ ጠየቀ።

 አዴ ወርቅቱ ጣሳውን እንደያዙ ቆመዋል። አማርኛ ይችላሉ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ ሆድ ሲብሳቸው ግን ኦሮምኛው ነው የሚቀድማቸው። ጀመሩ። ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ሳያቋርጡ፣ በሪሁንን ፊት ለፊት እያዩ ተናገሩ። በሪሁን ወደ እኔ ዞረ። ምን ልርዳው! የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። የሚያስተረጉም ሰው ግቢው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር።

ኦቦ ሞቱማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"ደቦ ያልመጣው የሰውን ቤት አስለክተዋል ስለተባልን ነው ትላለች" አሉ። "ልጄ ለአጨዳ አይደለም የሄደው ትላለች። ድንጋይ ጣሪያችን ላይ ካረፈ በኋላ ነው፣ እኔ ነኝ የሸኘሁት ትላለች። የእሱ የአባቱ ፊት ይህን ያህል ሆኖ በቴሌቪዥን ከወጣ ልጄ ይህን ግቢ አይረግጥም ትላለች።" ቆም አሉ። "እንግዳ ሆነህ መጥተህ ይህን ስለምነግርህ ይቅርታ አድርግልኝ ትላለች።"

ይህችን የመጨረሻዋን አዴ ወርቅቱ ያሏት አይመስለኝም።

"እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እሷ ናት። የእኔ ቃል ያው ነው" አሉና ወደ ባለቤታቸው ዞረው "ጨረስሽ?" አሏቸው፣ በአማርኛ።

ያንን ሁሉ አንድ ቃል ሳይቀንሱ ማስተርጎማቸው! "ጤፉ አልደረሰም ነው የምትለው" ቢሉት ማን ያውቅባቸዋል? እውነቱን ነው የነገሩት፣ በራሳቸው ላይ።

በሪሁን ጠላውን ጨርሶ ጠጣ፣ ተነሣ፣ አዴ ወርቅቱን ዝቅ ብሎ ጨበጣቸው። እስከ አስኮ ድረስ አብረን ሄድን። ታክሲ ሊገባ ሲል፣ "ሰውዬው ፖስተሩ ላይ በግራ በኩል ናቸው አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት።

"ቢሮ ትልቅ መቀስ አለን?"


ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ሦስታችን ወለል ላይ ተንበርክከን ቆረጥነው። በሪሁን ይቆርጣል፣ እኔና ሳሊሃ እንወጥራለን። የቆረጥነው ጎን ዘመመ። መፈክሬ እግራቸው ሥር ስለነበረ አብሮ ሄደ። አላዘንኩም። የተቆረጠውን ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩት፤ መጣል አልሆነልኝም። በቸርነቱ ያሳድረን።


ታኅሣሥ 21፣ ሐሙስ

ጨርቁ ተገፈፈ፣ መዳረሻ ተባልን።

እውነቱን ልጻፍ፤ አላማረም። ከጎናችን ያለው ድርጅት ጭስ የሚተፋ ማሽን፣ ሙዚቃ፣ አንድ ዓይነት የለበሱ ቆንጆ ልጆች አምጥቷል። የእኛ፣ ግራ ጎኑ የዘመመ ነጭ ሸራና አንድ ቃል። ኢንተርኔቱ ስለማይሠራ ሳሊሃ ካርታውን በፎቶ ነው ያሳየችው። አንድ የከበሩ ሰውዬ ስሙን አንብበው ወደ እኔ ጠጋ ብለው ሆቴሉ የት እንደሚከፈት ጠየቁኝ። አንዷ ጋዜጠኛ ደግሞ የጥሪ ካርዱ ላይ "በርዎን እናውቃለን" የሚል ነበር፣ የት ሄደ ብላ በሪሁንን ጠየቀችው። ማይኩን ተቀበላት።

"ገና የምናውቀው በር የለም" አለ። "ስማችንን ብቻ ይዘን መጥተናል።"

ጭብጨባው ሳሳ ያለ ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት ግን እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች፤ ሳሊሃ ናት። በሪሁን ከመድረክ ወርዶ "ተበላን" አለ፤ ከዚያ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ይህን አለቃዬን ስንት ጊዜ አምቼዋለሁ! ዛሬ ቁጭ ብዬ እመርቀዋለሁ። ዕድሜ ይስጠው። "ቲ" የተባለውንም ሰው፣ የትም ይሁን፣ ዕድሜ ይስጠው።


ታኅሣሥ 24፣ እሁድ

ላምባና ምላጭ ይዤ ስቲከሮቹን ላነሳ ወጣሁ። ብቻዬን ልሄድ ነበር። በሩን ስከፍት ኦቦ ሞቱማ ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን አድርገው ውጭ ቆመዋል፤ ልክ ፎቶው ላይ እንዳሉት።

በየበሩ ቆምን። እሳቸው ያንኳኳሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ እኔ በላምባ አርሼ እፍቃለሁ። የሚገላምጥ አለ። በሩን ከፍቶ አይቶን የዘጋ አለ። ከአዲስ አበባ ቤቷ ፈርሶ እዚህ የተከራየችው ወይዘሮ ራህመት አጠገቤ ቆማ ስፍቅ አየችኝ። "በደንብ፣ ጥግ ጥጉንም" አለችኝ። እናቴን መሰለችኝ። ሊቤ፣ አጥር ለአጥር የምንዋሰነው፣ ሙቅ ውሃ በባልዲ አመጣልኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ምላጩን ከእጄ ወስዶ የራሱን በር ራሱ ፋቀ።

በየበሩ የሚሏት ያቺ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሆነች መጨረሻ ላይ ጠየቅኳቸው። "ልጃችን ተሳስታ ነው፣ ልታነሳ መጥታለች ነው የምለው" አሉኝ።

ልጃችን።

ላምባው ዓይኔን አቃጠለኝ። ላምባ ነው።

ሲመሽ የቀረችው የእሳቸው በር ብቻ ነበረች። "የእኔ ትቆይ፣ ደክሞሻል" ብለው ገቡ።


ታኅሣሥ 26፣ ማክሰኞ

ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ሊቤ ከነበሬዎቹ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ያሉት፣ በሩን የዘጋብን ሰውዬ ሳይቀር። አዴ ወርቅቱ ጠላ አልጠመቁም ነበርና እየሮጡ ከየጎረቤቱ ተበደሩ። ከሥራ ቀርቼ ገለባ ተሸከምኩ፤ ሁሉ ነገሬ ያሳክከኛል። እንደዛሬ ደስ ብሎኝ ያከክኩበት ቀን የለም። ተመስገን፣ ተመስገን።


ታኅሣሥ 28፣ ሐሙስ፣ ገና

ሌንጮ መጣ! ጠቁሯል፣ ከስቷል። አዴ ወርቅቱ አንገቱን ይዘው አለቀቁትም፤ ኦቦ ሞቱማ ደግሞ ሰላም ብለውት በግ ሊያርዱ ዞሩ፣ ቢላዋው የት እንዳለ ግን ጠፋባቸው፤ በእጃቸው ይዘውታል።

ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር ስልኩን አወጣ። ትናንት ሲከፍተው የደወሉለት ሰዎች ዝርዝር ገብቶለታል። "ሁሉም አንቺ ነሽ" አለኝ።

ኔትወርክ እያየሁ ነበር አልኩት።

"አንድ ወር ሙሉ?"

ሥጋው እንዳያርር ላይ ብዬ ወደ ማጀት ሮጥኩ።


ጥር 5፣ ሐሙስ

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ በሬዲዮ። ሰፈሩ ጮኸ፣ መኪናው ሁሉ ጡሩምባ ነፋ። ተመስገን ብዬ ልጽፍ እጄ ቆመ። ከሆለታ ወዲያ ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች ዛሬ ሬዲዮውን ሲሰሙ ምን ይላሉ? ስለ እነሱ ይህ ደብተር የሚበቃ ቃል የለውም።

ከሥራ ስመለስ ላምባዬንና ምላጬን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ፤ የመጨረሻዋን ላነሳ። ኦቦ ሞቱማ ከውስጥ ድምፅ ሰምተው ወጡ። ምን ልታደርጊ ነው አሉኝ። ላንሳት እንጂ፣ የሁሉም ተነስቶ የእርስዎ ለምን ይቀራል አልኳቸው።

"ተያት።"

ስለ ቃልዎ ከሆነ፣ ፎቶውን እኮ እኛው ቆርጠነዋል፣ እርስዎ አላጠፉም አልኳቸው።

"ስለ ቃሌ አይደለም" አሉ። ስቲከሯን በእጃቸው መዳፍ ጠረግ አደረጓት፤ አቧራ ይዟት ነበር። "እናትሽ አንድ ቀን ከሰበታ ሊጠይቁሽ ይመጣሉ። አገሩን አያውቁትም። በምን ያገኙሻል?"

 ላምባውን መሬት አስቀመጥኩ፣ ክፍሌ ገብቼ እማዬ ጋ ደወልኩ።

"ለጥምቀት ቡራዩ ነይ" አልኳት። "በሩ ላይ ብርቱካናማ ነገር ስታዪ እንዳትደነግጪ፤ ግቢ፣ ቤታችን ነው።"